ከሊል የመጣ ስም፦ በኬፕ ሸለቆዎች የዱ ቶይን ቤተሰብ ፍለጋ

የ2023 የራግቢ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተካሄደው ፓሪስ አጠገብ ባለው ስታድ ደ ፍራንስ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድን 12 ለ 11 አሸነፈች። የጨዋታው ኮከብ ፒተር ስቴፍ ዱ ቶይ ነበር። በዚያ ምሽት ብቻ 28 ጊዜ ተጋጣሚውን አቅፎ ጥሏል። ኬፕ ታውን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደውሎ በደስታ ሲጮህ፣ እኔ ስሙ ላይ ቀርቼ ነበር። ፈረንሳዮች ቢያነቡት ዱ ትዋ ይሉታል። አጻጻፉ ፍጹም የእነሱ ነው። ባለቤቱ ግን ከደችኛ የወጣው የአፍሪካንስ ቋንቋ ተናጋሪ ነው። የአያቶቹ አያቶች ከዚያው አገር ተሰድደው ነበር፤ እሱ ደግሞ እዚያው ሄዶ ዋንጫ አነሳ።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆየሁ። ዘንድሮ በኅዳር ዘመዴን ልጠይቅ ስሄድ፣ የዚህን ስም መንገድ በእግሬ ልከተል ወሰንኩ። ከተመለስኩ በኋላ የጻፍኩት ማስታወሻ ይኸው። የታሪኩ ቀኖችና ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቤልቪል፣ ቅዳሜ

የአክስቴ ልጅ ሱቅ ያለው ቤልቪል ነው። ከኬፕ ታውን መሀል ከተማ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። የእኛ ልጆችና ሶማሌዎች ጎን ለጎን የሚነግዱበት ሰፈር ስለሆነ፣ ጥቂት የተራመደ ሰው አማርኛ መስማቱ አይቀርም። እንጀራም አለ። ሽሮና ጎመን ያለው በያይነቱ 90 ራንድ ከፈልኩ። አንድ ራንድ ስምንት ብር ገደማ ሲመነዘር ስለነበር፣ አዲስ አበባ ከምከፍለው ጋር ሳወዳድር ትንሽ ደነገጥኩ። የገና ጾም ገብቶ ስለነበር ግን እንጀራ ማግኘቴ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ነፋሱን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። ከደቡብ ምሥራቅ ይነሳና የሱቁን ቆርቆሮ ሲያንቀጠቅጥ ያድራል። እዚህ "የኬፕ ሐኪም" ይሉታል፤ የከተማዋን ቆሻሻ አየር ጠርጎ ስለሚወስድ ነው።

ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ደንበኞችን ስለ ስሙ ጠየቅኩ። ሁሉም የሚያውቀው ዱ ቶይ አለው። አንዷ አስተማሪዋን፣ አንዱ አለቃውን፣ ሌላው ጠበቃውን ጠራ። ናታሊ ዱ ቶይን የማያነሳ አልነበረም። የኬፕ ታውን ልጅ ናት። በ2001 በሞተር ሳይክል አደጋ ግራ እግሯን አጣች። በ2008 ቤጂንግ ኦሊምፒክ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ክፍት ውኃ ዋና ከሙሉ አካል ዋናተኞች ጋር ተወዳድራ 16ኛ ወጣች። አንድ ጡረተኛ መምህር ደግሞ አሌክሳንደር ዱ ቶይን አነሱልኝ። አህጉራት አንድ ላይ እንደነበሩና እንደተለያዩ ዓለም ባላመነበት ጊዜ የተሟገተ የጂኦሎጂ ሰው ነው። ማርስ ላይ በስሙ የተሰየመ ጉድጓድ አለ። ስሙ ማርስ መድረሱ ደስ አለኝ።

ዘመዴ ራሱ አንድ ዱ ቶይ ያውቃል። የድሮ ደንበኛው ነበሩ፤ ዛሬ ፓርል ነው የሚኖሩት። "ኦም" ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ እዚህ ታላቅ ሰው በስሙ ብቻ አይጠራም። ደወለላቸው። "ሐሙስ ኑ፣ ታኒ ምሳ ትሠራለች" አሉ። ታኒ ማለት ባለቤታቸው ናቸው።

ስቴለንቦሽ፣ ሰኞ

ትንሽ መኪና ተከራየን። እሱ ይነዳል፣ እኔ ካርታ እይዛለሁ። መሪው በቀኝ በኩል ስለሆነ እኔ በተቀመጥኩበት ግራ ወንበር ላይ እግሬ ፍሬን ይፈልግ ነበር። መንገዱን ያየ ሰው ስለ መንገድ ማማረር ይተዋል። ጉድጓድ የለም፣ መስመሩ ነጭ ነው። የወይን እርሻው ሁለቱንም ጎን ይዞ እስከ ተራራው ሥር ይሄዳል።

ስቴለንቦሽን በ1679 የመሠረታት የኬፕ አዛዥ ሲሞን ቫን ደር ስቴል ነው፤ በስሙም ሰየማት። ያኔ ኬፕ የአገር ግዛት አልነበረም። የደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ንብረት ነበር። ወደ እስያ የሚያልፉ መርከቦች ሥጋና አትክልት የሚጭኑበት ማረፊያ ነው። ለዚህ ገበሬ ያስፈልግ ነበር። መሬቱ ባዶ ስለነበረ አይደለም። ከብቶቻቸውን ይዘው በየወቅቱ የሚዘዋወሩት ኮይኮዮች ነበሩበት። የግጦሽ መሬታቸው በቁራጭ በቁራጭ እየተለካ ለመጡት ተሰጠ።

የዱ ቶይ ወንድማማቾች ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፍራንስዋ እና ጊዮም ዱ ትዋ ከሊል ነበር የመጡት። ሊል ዛሬ የፈረንሳይ ሰሜን ናት፤ እስከ 1667 ግን በስፔን ንጉሥ ሥር የነበረች የፍላንደርስ ከተማ ነበረች። ሉዊ 14ኛ ወሰዳት። በ1685 ደግሞ ያው ንጉሥ የናንትን አዋጅ ሻረ። አዋጁ ከ1598 ጀምሮ ሁጌኖ ለሚባሉት ፕሮቴስታንቶች የአምልኮ መብት የሰጠ ነበር። ሲሻር ቤተ ክርስቲያኖቻቸው ፈረሱ፣ ሰባኪዎቻቸው ተባረሩ፣ ምእመናኑ ግን ከአገር እንዳይወጡ ተከለከሉ። ቢሆንም ብዙዎቹ በሌሊት ድንበር እየተሻገሩ ሆላንድ፣ እንግሊዝና ጀርመን ገቡ። ዱ ትዋዎቹ በ1686 ገደማ ኬፕ ደረሱ። ብዙው የሁጌኖ ስደተኛ ከመምጣቱ በፊት ማለት ነው።

ጊዮም የቀረው ስቴለንቦሽ አካባቢ ነው። የባሉጥ ዛፍ በሁለት ወገን የተተከለበት ዶርፕ የሚባለው መንገድ ላይ ስንሄድ፣ ነጭ የተቀቡትን ቤቶች እያየሁ ስለ እሱ አሰብኩ። በ1706 ገበሬዎች በቫን ደር ስቴል ልጅ ላይ አቤቱታ አቀረቡ። ልጁ ከአባቱ ቀጥሎ ገዢ ሆኖ፣ ከባለሥልጣኖቹ ጋር የወይንና የሥጋ ንግዱን ለራሳቸው ይዘውት ነበር። የፈረሙት 63 ናቸው፤ ግማሽ ያህሉ ፈረንሳዮች ነበሩ። የዱ ትዋ ስምም አለበት። በማግሥቱ ዓመት ገዢው ተሻረ። ሃይማኖታቸው ከአገር ያስወጣቸው ሰዎች፣ ከመጡ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከገዢ ጋር ክርክር ገጥመው ረቱ። ይህን ሳነብ አደነቅኳቸው።

ቡና 38 ራንድ ነው። ቡናችን ከየት እንደመጣ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ ይርጋጨፌ ይላል። ዘመዴ ኮራ።

ፕኒየል፣ ሰኞ ከሰዓት

ከስቴለንቦሽ ወደ ፍራንሽሁክ የሚወስደው መንገድ በተራራ ማለፊያ ይወጣና ወደ ሌላ ሸለቆ ይወርዳል። ሲወርድ ፕኒየል የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በ1843 ነጻ ለወጡ ባሮች የተመሠረተች ሚሲዮን ናት።

እቅዳችን ውስጥ አልነበረችም። ዘመዴ ውኃ ልግዛ ብሎ ቆመ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያኑን ለማየት ወረድኩ። በር ላይ የቆሙ እናት መንደሩን ራሳቸው አስጎበኙኝ። ዙሪያውን ያሉት ትልልቅ የወይን ርስቶች ያደጉት በባሮች ጉልበት ነው። ከ1658 ጀምሮ ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ፣ ከሕንድና ከኢንዶኔዢያ ደሴቶች እየተጫኑ መጥተዋል። ባርነት በሕግ የቀረው በ1834 ቢሆንም፣ አራት ዓመት ተጨማሪ ለጌታቸው እንዲሠሩ ታዘው በእውነት የተለቀቁት ታኅሣሥ 1 ቀን 1838 ነው። ሴትዮዋ ቀኑን እንደ ልደታቸው ነው የሚያውቁት። የቤተሰባቸውን ስም ጠየቅኳቸው። እሱም ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከሸለቆው ታላላቅ የሁጌኖ ስሞች አንዱ። "ከየት እንደመጣ እኛም እናውቃለን፣ እነሱም ያውቃሉ" አሉኝ።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ የማሳድደው የስደተኞችን ስም ብቻ መስሎኝ ነበር። ከፕኒየል በኋላ ጥያቄዬ ሰፋ።

ፍራንሽሁክ፣ ማክሰኞ

ፍራንሽሁክ ማለት የፈረንሳዮች ጥግ ነው። ከእነሱ በፊት የዝሆኖች ጥግ ይባል ነበር፤ ዝሆኖች ለመውለድ ወደዚህ ሸለቆ ይመጡ ስለነበር። በሦስት በኩል ተራራ ነው። ዋናው መንገድ ላይ የፈረንሳይ ባንዲራ የሚሰቅሉ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። ዋጋቸው አይቀመስም። ያረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ ለሁለት ሰው 1,100 ራንድ አስከፈለን፤ ከዋናው መንገድ ራቅ ያለ በመሆኑ ነው የረከሰው። ለእራት በፍም ላይ የተጋገረ ሩስተርኩክ የሚባል ዳቦ ከአፕሪኮት ማርማላታ ጋር በላን። ትኩሱን ሲቆርሱት ይጨሳል። ጾመኛ ነኝ ስላልኳት ቅቤውን የለየችልኝን አስተናጋጅ አመሰግናታለሁ።

ጠዋት ወደ ሁጌኖ መታሰቢያ ሐውልት ሄድን። ሦስት ረጃጅም ቅስቶች ለሥላሴ ቆመዋል። ከፊታቸው የቆመች ሴት በአንድ እጇ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሌላው የተበጠሰ ሰንሰለት ይዛለች። የተመረቀው በ1948 ነው። አፓርታይድን ሥርዓት ያደረገው ፓርቲ ሥልጣን የያዘውም በዚያው ዓመት ነው። የተበጠሰውን ሰንሰለት ሳይ ፕኒየል ያሉት እናት ትዝ አሉኝ። ሰንሰለቱ የስደተኞቹ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ መቀረጹ ከበደኝ። ሐውልቱ ግን ውብ ነው፤ ይህን መደበቅ አልችልም።

አጠገቡ ሙዚየሙ አለ። ሕንጻው ራሱ ተጓዥ ነው። ሉዊ ቲቦ የተባለ ፈረንሳዊ አርክቴክት በ1791 ኬፕ ታውን ውስጥ የነደፈው ቤት ነበር። ሲፈርስ ክፍሎቹ ተጭነው መጥተው እዚህ እንደገና ተገነባ። በ1967 ሙዚየም ሆነ። የመግቢያው ዋጋ ከአንድ ቡና አይበልጥም።

ውስጡ ብዙ ሰዓት ቆየሁ። ዋናው የሁጌኖ ጉዞ የጀመረው በ1687 መጨረሻ ነው። ፎርስኾተን የምትባለው መርከብ ታኅሣሥ 31 ቀን ከሆላንድ ተነስታ ሚያዝያ 13 ቀን 1688 ሳልዳኛ ባሕር ሰላጤ ደረሰች። ኦስተርላንድ እና ሌሎች ተከተሏት። በሁለት ዓመት የመጡት በድምሩ 200 እንኳ አይሞሉም። ኩባንያው የመርከቡን ዋጋ ሸፈነ፣ ማልማት የቻሉትን ያህል መሬት ሰጠ፣ ዘርና መሣሪያ በዱቤ አቀረበ። በምላሹ የታማኝነት ቃል አስገባቸው። ብዙዎቹ ርስታቸውን በተውት አገር ስም ጠሩ። ፕሮቫንስ፣ ሻምፓኝ፣ ቡርጎኝ፣ ላ ብሪ፤ ዛሬም የሸለቆው እርሻዎች በእነዚህ ይጠራሉ።

ቫን ደር ስቴል ግን ፈረንሳዮቹን በአንድ ቦታ አላሰፈረም። በደቾቹ መካከል በተናቸው። ሰባኪያቸው ፒየር ሲሞን የራሳችን ጉባኤ ይኑረን ብሎ ሲጠይቅ ገዢው ተቆጣ። በ1701 ደግሞ ከሆላንድ ትእዛዝ መጣ፤ ትምህርት በፈረንሳይኛ እንዲቀር፣ ልጆች ደችኛ እንዲማሩ። በ1751 እና በ1753 መካከል የደቡብ ሰማይ ከዋክብትን ሊመዘግብ የመጣው ፈረንሳዊው ላ ካይ፣ ፈረንሳይኛ የሚናገሩት በዕድሜ የገፉት ብቻ እንደቀሩ ታዘበ። በሁለት ትውልድ ቋንቋው አለቀ። ስሞቹ ግን ቀሩ፤ እነሱም በአዲሱ አፍ ተገርተው። ክሮኒየ ክሮንየ ሆነ። ቪዮን ፊልዩን ሆነ። ፒናር ረዝሞ ፒየናር ተባለ። ለክሌር ዴ ክሌርክ ሆነ። ዱ ትዋ ፊደሉን አልቀየረም፤ መጨረሻው ብቻ ቶይ ሆኖ ተከፈተ።

ስም እንዴት እንደሚመዘገብ ያሳዩኝ የሙዚየሙ ሠራተኛ ናቸው። በኬፕ ቤተሰቦች ላይ የሠራው ክሪስቶፈል ኩትሲ ዴ ቪልየርስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንድ ዘዴ ተወ፤ በኋላ ፓማ የተባለ ተመራማሪ አስፋፋው። መጀመሪያ ከባሕር ማዶ የመጣው ሰው ኤ ተብሎ ይጻፋል። ልጆቹ ቢ ተብለው በተራቸው ይቆጠራሉ፤ ቢ1፣ ቢ2። የልጅ ልጆቹ ሲ ይሆናሉ፣ ቀጣዮቹ ዲ። ስለዚህ አንድ ዱ ቶይ የቁጥር ሰንሰለቱን ካወቀ እስከ ፍራንስዋ ድረስ በአንድ መስመር ይወርዳል። እኛ ሰባት ቤት ስንቆጥር በእናትም በአባትም ነው፤ ለጋብቻ ስለሆነ ማንንም መዝለል አይቻልም። የእነሱ መስመር ግን ስም ያለበትን ወንድ ብቻ ይዞ ይሄዳል። ሴት ልጅ ስታገባ በባሏ ስም ሌላ ጥራዝ ውስጥ ትገባለች። የፍራንስዋ ሚስት ሱዛን ሴኜም ሁጌኖ ነበረች። የእሷ ስም እንደ ባሏ አልበዛም፤ ልጆቿ ሁሉ ዱ ቶይ ሆኑ።

"ከለርድ ለሆኑት ዱ ቶይዎችስ እንዲህ ዓይነት ጥራዝ አለ?" ብዬ ጠየቅኩ። ከለርድ የሚባሉት ከኮይኮይ፣ ከባሮችና ከአውሮፓውያን የተወለዱት የኬፕ ሰዎች ናቸው። ሠራተኛዋ ለጊዜው ዝም አሉ። ከዚያ "እነሱን መፈለግ ያለብህ ኬፕ ታውን፣ መዝገብ ቤት ነው። በባለቤቱ ስም ሥር" አሉኝ። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

ወደ ፓርል፣ ረቡዕ

ከፍራንሽሁክ ፓርል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። አንድ ሰዓት አይፈጅም። ለእኛ ግን ግማሽ ቀን ወሰደ። ጎማችን ፈነዳ፤ ተለዋጩን ስናወጣ አየር የለውም። አከራዩ ድርጅት ስልክ አያነሳም። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ጥላ የለም። የወይን እርሻ ሠራተኞች የጫነ ትራክተር ቆመልን። አንዱ ጎማውን ተሸክሞ ሄዶ አስነፍቶ ተመለሰ። ገንዘብ ስንሰጠው አልቀበልም አለ። በግድ 100 ራንድ ኪሱ ከተትን።

ከዚያ ብዙ ሳንርቅ ድራከንስታይን የሚባለው እስር ቤት በር ላይ ደረስን። ቀድሞ ቪክቶር ፈርስተር ይባል ነበር። የካቲት 11 ቀን 1990 ኔልሰን ማንዴላ በእግራቸው የወጡት ከዚህ በር ነው። እጃቸውን ያነሱበት ሐውልት ቆሟል። ለእኛ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1962 ኮልፌ ሠልጥነዋል፤ ሲዘዋወሩ የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርትም ዴቪድ ሞትሳማይ በሚል ስም የተሠራላቸው ነበር። ዘመዴ ከሐውልቱ ሥር ፎቶ አነሳኝ። ጥበቃው ከየት እንደመጣን ሲሰማ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ብሎ እጃችንን ጨበጠ።

ፓርል ስንገባ የአፍሪካንስ ቋንቋ ሙዚየሙ ሊዘጋ ትንሽ ሰዓት ቀርቶት ነበር። የጌዴዮን ማልኸርበ መኖሪያ የነበረ ቤት ነው፤ ማልኸርበም የሁጌኖ ስም ነው። ነሐሴ 14 ቀን 1875 ስምንት ሰዎች እዚህ ተሰብስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። አፍሪካንስ እንደ ኩሽና ቋንቋ በሚናቅበት ዘመን፣ ይጻፍ ይታተም አሉ። ከመሪዎቹ አንዱ ቄስ ኤስ ጄ ዱ ቶይ ነበር። በማግሥቱ ጥር ወር በዚሁ ቋንቋ የመጀመሪያውን ጋዜጣ አወጡ። ቄሱ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎችንም መተርጎም ጀመረ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1933 በአፍሪካንስ ሲወጣ ከዋና ተርጓሚዎቹ አንዱ ልጁ ነበር፤ ቶቲየስ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ገጣሚ።

ማተሚያው ፊት ቆሜ ይህን አሰላሰልኩ። አባቶቹ መጽሐፉን በገዛ ቋንቋቸው እናንብብ ብለው ተሰደዱ። ያንን ቋንቋ በሁለት ትውልድ አጡት። የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ መጽሐፉን አዲስ ላበጁት ቋንቋ ሰጡ። እኔን በጉዞው ሁሉ ከዚህ በላይ የነካኝ ነገር የለም። ሙዚየሙ ግን ሌላውንም ወገን አይደብቅም። ከስምንቱ ሰዎች ቀደም ብሎ የኬፕ ሙስሊሞች፣ ብዙዎቹ የባሮች ልጆች፣ አፍሪካንስን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር። ቋንቋውን የወለዱት ኩሽና ውስጥ የነበሩት ናቸው።

ፓርል፣ ሐሙስ

ጠዋት ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወዳለው ዳልዮሳፋት ሄድን። ፍራንስዋ በ1692 መሬት የተሰጠው እዚህ ነው፤ ክላይንቦስ ይባላል። ኤስ ጄ ዱ ቶይ የተወለደውም በዚሁ ርስት በ1847 ነው። በ1882 የአፍሪካንስ ትምህርት የተሰጠበት የሁጌኖ መታሰቢያ ትምህርት ቤትም እዚሁ ተከፈተ። ነጭ ግድግዳ፣ የወይን ረድፍ፣ ከኋላ ሰማያዊ ተራራ። የግል ቦታ ስለሆነ ከአጥሩ ውጭ ቆመን አየን።

ኦም ዱ ቶይ ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው። በአፓርታይድ ዘመን ወንዙ የፓርል ድንበር ነበር። ነጮች በምዕራብ፣ ከለርዶች በምሥራቅ። ኦም የተወለዱት በምዕራቡ ነው፤ ልጅ ሳሉ ቤተሰባቸው ተነስቶ ወዲህ እንዲሻገር ተደረገ። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። በር ላይ ጠበቁን። ታኒ ጾማችንን ዘመዴ ነግሯቸው ስለነበር ምስርና ድንች በካሪ ሠርተው፣ ሩዝ በቢጫ ቅመም አብስለው ጠበቁን። ሩይቦስ የሚባል የዕፅ ሻይ ያለ ወተት ቀዱልን። ሦስት ጊዜ አጎረሱን ማለት ይቻላል፤ እምቢ ማለት አልተቻለም።

ስለ ስሙ ስጠይቃቸው ኦም ሳቁ። ሥራ በነበሩበት ዘመን ሁለት ዱ ቶይ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነበሩ፤ አንዱ ነጭ ኃላፊ፣ አንዱ እሳቸው። ደመወዝ ሲመጣ ፖስታው ይምታታ ነበር። "እሱ ቁጥሩን ያውቃል። ቢ ስንት፣ ሲ ስንት፣ እስከ ሊል። እኔ የማውቀው እስከ አያቴ አያት ነው። ሚሲዮን ውስጥ ተጠመቀች የሚል ወረቀት አለን። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው።"

ስሙን ይወዱታል? አልኩ። "ስሜ ነው" አሉ። "ከባለቤቱ የመጣ ይሁን፣ ከአባት የመጣ ይሁን፣ ወይም ሁለቱም አንድ ሰው ይሁኑ አላውቅም። ማወቅ እፈልጋለሁ። ልጆቼ ምን አደረገልህ ይሉኛል። አንዲት ሴት ይህን አገር በሁለት እጇ ሠርታለች፤ እሷ ማን እንደነበረች ስሟን ልጥራ።"

የሙዚየሙ ሠራተኛ የነገሩኝን ነገርኳቸው። ባሮች ከ1816 ጀምሮ በመንግሥት መዝገብ ተጽፈዋል። ገጹ የሚከፈተው በባለቤቱ ስም ነው። ኦም ወረቀታቸውን አምጥተው ስልኬ ፎቶ እንዲያነሳ ፈቀዱልኝ።

ወደ ማታ የቋንቋው ሐውልት ወዳለበት የፓርል ተራራ ወጣን። በጥቅምት 1975 ተመረቀ። ከፍተኛው ምሰሶ 57 ሜትር ነው። ከስምንት ወር በኋላ፣ ሰኔ 16 ቀን 1976፣ የሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ አንማርም ብለው ወጥተው በጥይት ተመቱ። ቋንቋው ጥፋት የለበትም። ኦም ዱ ቶይ የሚስቁበት፣ የሚጸልዩበት ቋንቋ ነው። በግድ የጫኑት ናቸው ያሳደዱት።

ዱ ቶይስክሉፍ፣ ዓርብ

ስሙ ካርታ ላይ የወጣበትን ተራራ ሳላይ መመለስ አልፈለግሁም። ከፓርል ወደ ዉስተር የሚያሻግረው ማለፊያ በቤተሰቡ ስም ይጠራል። መንገዱ በ1949 ተከፈተ። ከሠሩት መካከል የጣሊያን ምርኮኞች አሉበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ደቡብ አፍሪካ ከተወሰዱት ምርኮኞች ከፊሉ የተማረኩት በእኛው አገር፣ በ1941 ነው። ድንጋዩን በጥንቃቄ ደርድረውታል፤ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም።

መመልከቻው ላይ ቆመን ዳቦ ስናወጣ ዝንጀሮ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ በመስኮት ገባ። ዳቦውን፣ ሙዙንና የዘመዴን መነጽር ይዞ ወጣ። መነጽሩን ጥቂት ሄዶ ጣለው። ዳቦውን አጥሩ ላይ ተቀምጦ እያየን በላው።

ስንመለስ በ1988 በተከፈተው የሁጌኖ ዋሻ አለፍን። አራት ኪሎ ሜትር ሊሆን ምንም አይቀረው። ተራራውን በደቂቃዎች ያሻግራል፤ 50 ራንድ ያህል ይከፈላል። የማይቸኩል ሰው ከሆነ ግን የላይኛውን መንገድ እመክራለሁ፤ ዳቦ ሳይዙ።

ኬፕ ታውን፣ ሰኞ

ጠዋት የባሮች ቤት የሚባለውን ሙዚየም አየሁ። ኩባንያው የራሱን ባሮች ያሳድርበት የነበረ ሕንጻ ነው፤ በ1679 የተሠራ። የብዙዎቹ ባሮች ስም በወር ነው። ፌብሩዋሪ፣ ሴፕቴምበር። ዛሬ እነዚህ የቤተሰብ ስም ሆነው የኬፕ የስልክ ማውጫ ሞልተዋል።

ከዚያ በሩላንድ መንገድ ወዳለው መዝገብ ቤት ሄድኩ። የቀድሞ እስር ቤት ቦታ ላይ የተሠራ ነው። ማንበቢያው ነጻ ነው፤ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይገባም። የባሪያ መዝገቡን ጠየቅኩ። ትልቅ ጥራዝ ነው። በዱ ቶይ ስም የተከፈቱ ገጾች አሉ፤ ብዙ ናቸው። ከባለቤቱ ስም ሥር የባሪያው ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የመጣበት አገር፣ የሚሠራው ሥራ። ገጹ ላይ ወይን ተካይ አለ፣ ልብስ አጣቢ አለች፣ የሦስት ወር ሕፃን አለች። ከፓርል የሆኑትን ለይቼ የገጽ ቁጥራቸውን በእርሳስ ገለበጥኩ። በኦም ወረቀት ላይ ያለው ስም ከሁለቱ ጋር ይመሳሰላል። የሚመሳሰል ስም ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ የጥምቀት መዝገቡ ከዕድሜው ጋር መመሳከር አለበት።

ማታ ደወልኩላቸው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስደገሙኝ፣ ታኒ እየጻፉ። የልጅ ልጃቸው ቤልቪል ባለው ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ሐሙስ ክፍል ስለሌላት እሷ ትሄዳለች አሉ። ቁጥሮቹን በዋትስአፕ ላክሁላት፤ እርሳስ እንድትይዝም ነገርኳት። የአክስቴ ልጅ ሱቁን ለግማሽ ቀን ዘግቶ ሊያደርሳት ቃል ገብቷል።